ካሜራው ነው እንዴ የሚያነሳው? ስለ ፎቶግራፈሮች ስታይል ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። ሦስቱም ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ሁለቱ «እውነቱን ነገሩን» ብለው ነው የላኩልኝ። ጸሐፊው በሙያው ብዙ ዓመት የቆዩና ስፍር ቁጥር የሌለው ሰርግ ያነሱ ሰው ናቸው። አከብራቸዋለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው። እሳቸው የጻፉትን ወጣቱ ያምናል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው የፋሽንና የፖርትሬት ፎቶግራፈሮች «ስታይል» የሚባል ነገር የለም ይላሉ። አምስት ነገር ያነሳሉ። አንደኛ፣ በፎቶግራፈሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የዕቃ ነው። ሁለተኛ፣ የቀረው ኤዲቲንግ ስለሆነ ፕሪሴት (አስቀድሞ የተዘጋጀ የኤዲቲንግ ቅንብር) ገዝቶ የጫነ ሁሉ ያገኘዋል። ሦስተኛ፣ ፎቶዎቹ የታወቁት የተነሱት ሰዎች ታዋቂ ስለሆኑ ነው፤ ስሙ ቢሸፈን የማን ሥራ እንደሆነ የሚለይ የለም። አራተኛ፣ የአፍሪካውያኑ ሥራ ከውጭ ተቀድቶ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ነው። አምስተኛ፣ ስለዚህ የአዲስ አበባ ወጣት ስታይል ፍለጋ ጊዜውን ከሚያጠፋ ደንበኛው ያዘዘውን ይሥራ።

በመጀመሪያ የምስማማበትን ልናገር። ጸሐፊው ይህን የጻፉት ወጣቶች ተበድረው ካሜራ ሲገዙ አይተው ነው። እኔም አይቻለሁ። የዕቁብ ሰብሳቢውን ለምኖ፣ ተራው ሳይደርስ ዕቁብ ወስዶ ሌንስ የገዛ ልጅ አውቃለሁ። ሌንሱን በሰባት ወሩ ሸጠው፤ ዕቁቡን ግን ገና እየከፈለ ነበር። ስለዚህ ጭንቀታቸው ይገባኛል። የማልስማማው መፍትሔ ብለው ባቀረቡት ላይ ነው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ልዩነቱ የዕቃ ነው» ለሚለው

ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት አሜሪካዊውን ሪቻርድ አቬዶንን ነው። ነጭ ጀርባ፣ ውድ ስቱዲዮ፣ ውድ መብራት፤ ይህ ያለው ሁሉ አቬዶንን ይሆናል ነው የሚሉት። እኔም በአቬዶን ልጀምር።

አቬዶን ከ1979 እስከ 1984 በአሜሪካ ምዕራብ እየዞረ ሰው አነሳ። ያዘዘው በቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ የሚገኘው አሞን ካርተር ሙዚየም ነው። በዚያን ጊዜ በፋሽኑ ዓለም ስሙ የገነነ ሰው ነበር፤ የፈለገውን መብራት ማስጫን ይችላል። ይዞ የሄደው ግን በሦስት እግር የሚቆም ትልቅ የእንጨት ካሜራና ነጭ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ያገኘው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ሰውየውን ጥላ ውስጥ ያቆመዋል። ፍላሽ የለም። ፀሐይም በቀጥታ አያርፍበትም። አቬዶን ራሱ ከካሜራው ኋላ አይደበቅም፤ ከጎኑ ቆሞ ሰውየውን ዓይን ለዓይን ያየዋል።

በዚህ አኳኋን 752 ሰዎች ተነሱ። ወደ 17,000 ፊልም ወጣ። በኤግዚቢሽኑ ከቀረቡት መካከል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች፣ ቄራ ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች፣ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ራቁት ገላው ላይ ንብ የሰፈረበት ሰውዬ አለ። የተገፈፈ እባብ በሁለት እጁ የያዘ የ13 ዓመት ልጅ አለ። ልጁ ካሜራውን የሚያይበት ዓይን ሳያስበው ትዝ የማይለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነጩ ወረቀት ርካሽ ነው። ያ ልጅ ከየት እንደመጣ፣ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ደሃ ይሁን ሀብታም የሚነግረንን ነገር ሁሉ ከፎቶው ማስወጣት ግን ውሳኔ ይጠይቃል። አቬዶን አካባቢን እምቢ አለ። የቀረው ፊት፣ እጅና ልብስ ብቻ ነው። ማየት ያለባችሁ እነሱን ነው፤ መሸሻ የላችሁም።

ሌላው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ኧርቪንግ ፔን ደግሞ በ1948 መጨረሻ ቮግ ለሚባለው የፋሽን መጽሔት ሥራ ፔሩ ሄደ። የታዘዘውን ሲጨርስ ኩስኮ የምትባል ተራራ ላይ ያለች ከተማ ወጣ። እዚያ የአንድ ፎቶ አንሺን ስቱዲዮ ተከራየ። የድንጋይ ወለል፣ ቀለም የተቀባ መጋረጃ፣ በአንድ በኩል የሚገባ የቀን ብርሃን። የእኛን አገር የድሮ ፎቶ ቤት ያየ ሰው ክፍሉን ወዲያው ያውቀዋል። የገና ሰሞን ስለነበር ሰዎች ከየመንደሩ ፎቶ ሊነሱ ይመጣሉ። ያገኙት ፔንን ነው። ከፍለው ሊነሱ የመጡት ሰዎች ተከፍሏቸው ተነሱ። በፔን ሥራዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ከሚወደዱት መካከል በዚያች ክፍል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተነሱት ይገኙበታል።

ሳሙኤል ፎሶ የሚባለው ፎቶ አንሺስ? በ1975 በማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በባንጊ የራሱን ፎቶ ቤት ሲከፍት 13 ዓመቱ ነበር። ቀን ደንበኞቹን ያነሳል። ፊልሙ ላይ ጥቂት ሲተርፍ ማታ ራሱን ያነሳል። መነጽር አድርጎ፣ ሱሪውን ሰፋ አድርጎ፣ እንደ ሙዚቀኛ፣ እንደ አለቃ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ያንን ከደንበኛ የተረፈ ፊልም ነው።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልቀበልላቸው። ዕቃ ምንም አይደለም አልልም። ጣሊያናዊው ፎቶ አንሺ ፓኦሎ ሮቨርሲ ከ1980 ጀምሮ ፎቶው ወዲያው በሚወጣበት በትልቁ ፖላሮይድ ፊልም ሲሠራ ኖረ። የፎቶዎቹ ሕልም መምሰል በከፊል ከዚያ ፊልም የመጣ ነው። ግን አሠራሩን ተመልከቱ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ካሜራውን ለረጅም ሰከንድ ከፍቶ ሞዴሏን በእጅ ባትሪ ያበራታል። እኛ መብራት ሲጠፋ የምንፈልገው ባትሪ ማለት ነው። ፖላሮይድ በ2008 ፊልም መሥራት ሲያቆም ሮቨርሲ አብሮ አላቆመም። በዲጂታል ያነሳቸውን ስታዩም ያው ሰውዬ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዕቃው ተለወጠ፤ ችኮላን እምቢ ማለቱ ግን እዚያው ነው።

«የቀረው ኤዲቲንግ ነው» ለሚለው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኖርኩበት ነገር ነው።

ጀርመናዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ሊንድበርግ በ1988 ስድስት ወጣት ሞዴሎችን ሳንታ ሞኒካ የባሕር ዳርቻ ወሰደ። ሰፋፊ ነጭ ሸሚዝ አለበሳቸውና አነሳቸው። ይስቃሉ። ፀጉራቸውን ነፋስ በትኖታል። ዘመኑ የተነፋ ፀጉር፣ ትልልቅ ጌጥና የደመቀ ሜካፕ የነገሠበት ነበር። የአሜሪካ ቮግ ፎቶዎቹን አልፈለጋቸውም። በዚያው ዓመት አና ዊንቱር የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ስትሆን የመጀመሪያ ሽፋኗን ያነሳላት ግን ይኸው ሊንድበርግ ነው። ሞዴሏ ጂንስ ለብሳ ትስቃለች። በጃንዋሪ 1990 ደግሞ ለእንግሊዝ ቮግ ሽፋን ኔዖሚ ካምቤልን፣ ሊንዳ ኢቫንጀሊስታን፣ ታቲያና ፓቲትስን፣ ክሪስቲ ተርሊንግተንንና ሲንዲ ክሮፎርድን አንድ ላይ አቆማቸው። ጥቁርና ነጭ፣ ጎዳና ላይ።

ሊንድበርግ በ2019 እስኪሞት ድረስ ፊት ማለስለስን ሲቃወም ኖረ። ፒሬሊ የተባለው የጎማ ኩባንያ ለሚያወጣው የ2017 ካላንደር ሄለን ሚረንንና ሻርሎት ራምፕሊንግን ሲያነሳ ሁለቱም 70 ዓመት ገደማ ነበሩ። ሽብሽባቸው እንዳለ ነው። የሊንድበርግ ነው ተብሎ የሚሸጥ ጥቁርና ነጭ ፕሪሴት ሞልቷል። ፕሪሴቱ ጥቁሩን ያጠቁራል፤ በቃ። ሽብሽቡን እንዲተዉት አዘጋጆችን መሟገት ግን ፕሪሴት ውስጥ የለም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ የጀመርኩት በአንድ ፎቶ ቤት በኤዲተርነት ነው። የምነካካው የሰርግ ፎቶ ነበር። የቤቱ ባለቤት ከኋላዬ ይቆምና «ቀላ አድርጊያት» ይለኛል። ጠይሟ ሙሽራ ቀይ ትሆናለች። ቀይ ዳማዋ ነጭ ትሆናለች። ጥቁር የሆነች እንደሆነ ሥራው ይበዛል። ፊቷን አቅልተን እጇን የረሳንበት ጊዜ አለ።

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ አልበሟን ልትወስድ መጣች። ጥቁር፣ ቆንጆ፣ ረዘም ያለች ልጅ ናት። ገጹን እየገለጠች ብዙ ቆየች። ከዚያ አንዱ ፎቶ ላይ ጣቷን አድርጋ «እህቴ፣ ይቺ ማናት?» አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም። ራሷ ናት። «ያልተነካው የለም?» አለችኝ። አልበሙ ተጠርዟል፤ ባለቤቱ እንደገና ለማተም አልፈቀደም። ቀሪ ሒሳቧን ከፍላ ወጣች። ያንን የነካሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ብዙ አልቆየሁም።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሚልከው «ሸርሊ ካርድ» የሚባል ነገር ነበር። የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነው። ባለሙያው ማሽኑን የሚያስተካክለው የእሷ ቆዳ ልክ እስኪመጣ ነው። እሷ ካማረች ሁሉም እንዳማረ ይቆጠራል። ለአሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ፎቶ የታጠበው በዚህ ልክ ነው። ጥቁርና ነጭ ሰው አንድ ላይ ሲነሳ የጥቁሩ ዓይንና ጥርስ ብቻ የሚታይበት ፎቶ ካያችሁ፣ ጥፋቱ የሰውየው ፊት አይደለም። ኮዳክ ነገሩን በደንብ ያሰበበት ቸኮሌት ሠሪዎችና የቤት ዕቃ አምራቾች ሲያማርሩ ነው። አንዱን ቡናማ ከሌላው መለየት አልቻሉም ነበር። ይህን መጀመሪያ ሳነብ አልቅሻለሁ። አባቴ በወጣትነቱ ከጓደኞቹ ጋር የተነሳው ፎቶ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከመካከላቸው በጣም ጥቁር የነበረው ጓደኛው ፊት የለውም ማለት ይቻላል። ልጅ ሆኜ ፎቶው የተበላሸ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ኤዲቲንግ ስንል ማን ምን ለማድረግ ብሎ ነካው የሚለው ይቅደም። ደቡብ አፍሪካዊ ዛኔሌ ሙሆሊ ከ2012 ጀምሮ ራሳቸውን እያነሱ ባዘጋጁት ተከታታይ ሥራ ላይ የቆዳቸውን ጥቁረት ከእውነተኛው ይበልጥ ያጠቁሩታል። ያ ኤዲቲንግ ነው። ኮንትራስቱን (የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት) ከፍ ማድረግ ነው፤ በቴክኒክ ደረጃ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ያን ፎቶ ቤት ሳለሁ የማንቀሳቅሰው መሣሪያ ያው ነው፤ የምጎትተው ወደ ሌላኛው ጫፍ ነበር። መሣሪያው አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህን ጥያቄ ጸሐፊው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

«ስሙን ብትሸፍኑት አይለይም» ለሚለው

ይህ ከሁሉም የሚገርመኝ ነው። ምክንያቱም በእውነት ተሞክሯል።

በ1991 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የአፍሪካ ጥበብ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከቀረቡት ፎቶዎች አንዳንዶቹ ከማሊ፣ ባማኮ የመጡ ናቸው፤ ያነሳቸው ሰው ስም ግን አልተጻፈም። «ያልታወቀ» ተብሎ ታለፈ። ፎቶዎቹ አንድ ሰብሳቢን ማረኩት። አንድሬ ማኛን የሚባለውን ባለሙያ ፎቶ አንሺውን ፈልግ ብሎ ወደ ባማኮ ላከው። ማኛን ባማኮ ደርሶ ከማሊክ ሲዲቤ ጋር ተገናኘ። ሲዲቤ ራሱ የታወቀ የከተማው ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶዎቹን አሳየው። ሲዲቤ ብዙም ሳያስብ የሰይዱ ኬይታ ናቸው አለ። ይዞትም ሄደ። ኬይታ በሕይወት ነበር፤ ኔጌቲቮቹንም አስቀምጧቸው ነበር። በ1994 ፓሪስ ውስጥ ሥራው ለብቻው ታየ።

ስም የለም። የተነሱት ሰዎች የባማኮ ነጋዴዎች፣ ጸሐፊዎች፣ ሚስቶች፣ ልጆች ናቸው፤ ዓለም የሚያውቀው አንድም ሰው የለም። ሆኖም ተለየ።

እሺ፣ ታዋቂ ሰው እንያ። ጸሐፊው ቢዮንሴን ጠቅሰዋል። ቢዮንሴን ማንም ቢያነሳት ያው ነው ብለዋል። እንግዲያው የሁለት ወጣቶችን ሥራ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። አንደኛው አወል ርዝቁ ነው። በ1988 ጎንደር ተወልዶ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ያደገ የእኛው ልጅ። በፌብሩዋሪ 2017 ቢዮንሴ መንታ ማርገዟን ያበሰረችበትን ፎቶ ያነሳው እሱ ነው። ፎቶው በወቅቱ በኢንስታግራም ታሪክ ከፍተኛውን ላይክ ያገኘ ነበር። ሁለተኛው የአትላንታው ታይለር ሚቼል ነው። የሴፕቴምበር 2018ን የአሜሪካ ቮግ ሽፋን ሲያነሳ 23 ዓመቱ ነበር። በመጽሔቱ 126 ዓመት ታሪክ ሽፋን ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶግራፈር ሆነ።

ሁለቱም ፎቶ ላይ ያቺው ሴት አለች። ሁለቱም ላይ አበባ አለ። የአወል አበባ ከኋላዋ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ከራሷ ላይ መጋረጃ የመሰለ ስስ ጨርቅ ይወርዳል፤ እጇ ሆዷ ላይ ነው። የእመቤታችንን ሥዕል እያዩ ላደጉ ሰዎች አቀማመጡ እንግዳ አይደለም። አወል ይህን የጀመረው ገና ተማሪ ሳለ ነው። በ2009 የድሮውን የሆላንድ ሠዓሊ የቬርሜርን የታወቀች ሥዕል፣ ባለ ዕንቁ ጉትቻዋን ልጅ፣ ወስዶ በቦታዋ ትልቅ የቀርከሃ ቅርጽ ጉትቻ ያደረገች ጥቁር ልጅ አስቀመጠ። የድሮ ሥዕል ቤተ መንግሥት ውስጥ ገብቶ የሰፈሩን ልጅ ዙፋን ላይ የሚያስቀምጥ ዓይነት ሰው ነው።

ሚቼል ዘንድ አበባው ከራሷ ላይ ነው። ጀርባዋ ላይ ተራ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቷል። ብርሃኑ የቀን ብርሃን ነው። ሚቼል በሌሎች ሥራዎቹም ይኸው ነው፤ ጥቁር ወጣቶች ሣር ላይ ተኝተው፣ ዥዋዥዌ ሲጫወቱ፣ ምንም ሳይሠሩ፣ ዕረፍት ላይ። አወል ያነግሣል፣ ሚቼል ያሳርፋል። ቢዮንሴ ግን አንድ ናት።

ለዓይን ልምምድ የሚሆን አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ማርቲን ሾለርና ፕላቶን የሚባሉት ፎቶ አንሺዎች ሁለቱም በ1968 የተወለዱ ናቸው፤ ሁለቱም ፕሬዚዳንትም ተዋናይም ያነሳሉ፤ ሁለቱም ወደ ፊት ይጠጋሉ። ስም ሳታነቡ ለመለየት የዓይኑን ብሌን ተመልከቱ። ግራና ቀኝ ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ብርሃኖች ካያችሁ ሾለር ነው። ሰውየውን በሁለት ረጃጅም ፍሎረሰንት መብራቶች መካከል ያስቀምጠዋል። ፊቱ ፍሬሙን ይሞላዋል፤ ሳቅም ቁጣም አይፈቅድለትም። ዝነኛውም የጎዳና ተዳዳሪውም በእኩል ርቀትና በእኩል ብርሃን ይነሳሉ። ፕላቶን ደግሞ ሰፊ ሌንስ ይዞ ዝቅ ብሎ ይጠጋል፤ ሰውየው ወደ እናንተ የመጣ ይመስላል። በ2007 ለታይም መጽሔት ያነሳውን የፑቲንን ፎቶ አስታውሱ። ሥልጣን ምን እንደሚመስል ማሳየት ነው የፈለገው። ሾለር ሥልጣኑን ከፊቱ ላይ ማውለቅ ነው የፈለገው።

«የአፍሪካው ከውጭ የተቀዳ ነው» ለሚለው

ጸሐፊው እዚህ ላይ የአይዳ ሙሉነህን ስም ጠርተዋል። ፊት ቀለም መቀባት ፈረንጅን ለማስደነቅ ነው ብለዋል። ይህ ከልቤ አስከፍቶኛል።

አይዳ በ1974 አዲስ አበባ ተወለደች። ልጅነቷ በየመን፣ በእንግሊዝና በቆጵሮስ አልፎ ካናዳ አደገች። በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ተመርቃ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ሆነች። ስለ አፍሪካ የሚወጣው ፎቶ ምን እንደሚመስል ከውስጥ ታውቃለች ማለት ነው። ተመልሳ አዲስ አበባ መጥታ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። በዚያ ፌስቲቫል ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየ ወጣት ስንት እንደሆነ ጸሐፊውም ያውቃሉ።

በ2018 የወጣው ስለ ውኃ የሠራችው ተከታታይ ሥራ የተነሳው አፋር፣ ዳሎል ነው። ያዘዛት ዋተርኤይድ የተባለው ድርጅት ነው። ርዕሱ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ነው። ይህ ርዕስ በጋዜጠኛ ካሜራ ሲነሳ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቢጫ ጀሪካን፣ አቧራ፣ የደከመች እናት። አይዳ ያንን እምቢ አለች። ነጭ ጨው ላይ ቀያይ ልብስ የለበሱ ሴቶች አቆመች። ፊታቸውን ቀባች። ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ማንም አያዝንላቸውም። ጉዳዩ ግን ሳይቀር አለ።

ቀለሙ ከየት መጣ ለሚለው፣ ፊትና ገላን መቀባት በአህጉራችን ስንት ዘመን የኖረ ነገር ነው። እኔ ደግሞ የአይዳን ፎቶዎች ሳይ ትዝ የሚለኝ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው። ጥላ የሌለው ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ። ትልልቅ፣ ቀጥ ብለው የሚያዩ ዓይኖች። በእኛ የሥዕል ልማድ ቅዱሳኑ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉው በጎኑ ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ሰውን በሁለት ዓይኑ ማሳየት ክብር ነው። ይህን ያወረሱን ሠዓሊዎቻችን የአንዳቸውም እጅ ካሜራ አልነካም።

ደግሞ ፎቶ ራሱ ለእኛ የትናንት እንግዳ አይደለም። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ተከተሉት። በዘመናችን ሚካኤል ጸጋዬ አለ። ሠዓሊ ሆኖ ተምሮ የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ወደ ፎቶ ዞረ። መቃብር ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን ፎቶዎች መልሶ ፎቶ ያነሳው እሱ ነው። ይህን ከየትኛው ፈረንጅ ቀዳው?

መማር ሌላ፣ መቅዳት ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ቲም ዎከር የአቬዶን ረዳት ነበር። አቬዶን ሁሉን ነገር ከፍሬሙ አስወጣ፤ ዎከር ደግሞ የተረት ዓለም የሚያህል ነገር አስገባበት፤ ግዙፍ አሻንጉሊት፣ ክፍል ውስጥ የበቀለ ዛፍ። ሾለርም የታዋቂዋ አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ የአኒ ሊቦቪትዝ ረዳት ነበር። መንገዱም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። ማሊክ ሲዲቤ በ2007 ቬኒስ ቢዬናሌ የሚባለውን የጣሊያን ታላቅ የጥበብ ኤግዚቢሽን የዕድሜ ልክ ሥራ ሽልማት፣ የወርቅ አንበሳን፣ ሲሸለም ከአፍሪካ የመጀመሪያው፣ ከፎቶግራፈሮችም የመጀመሪያው ነበር። በ2009 ደግሞ የኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት የፋሽን ፎቶ እንዲያነሳለት ባማኮ ድረስ ሄደ። በባለ መስመር ጨርቅ ፊት፣ በዚያችው ስቱዲዮው አነሳላቸው።

«ደንበኛው ያለውን ያድርግ» ለሚለው

እንደገና ወደ ኬይታ ልመልሳችሁ። ኬይታ አርቲስት ነኝ ብሎ አልተነሳም። የአናጢነት ሙያ የነበረው፣ ከ1948 ጀምሮ ፎቶ ቤት ከፍቶ በደንበኛ የኖረ ሰው ነው። ሰው ወረፋ ይዞ ይጠብቀዋል። ኮት ለሌለው ኮት ያውሳል። ሰዓት፣ እስክሪብቶ፣ ሬዲዮ አለው። ደንበኛው የከተማ ሰው መስሎ መታየት ይፈልጋል፤ ያን ይሰጠዋል። ጀርባ ያደረገው መጀመሪያ የራሱን የአልጋ ልብስ ነው፤ ከዚያ በየሁለት ሦስት ዓመቱ እየለወጠ ሄደ። በኋላ ፎቶዎቹ በየትኛው ዓመት እንደተነሱ የለየው በጨርቁ ነው። ፊልም ውድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ከማንሳቱ በፊት አገጩን፣ ትከሻዋን፣ የጣቶቿን አቀማመጥ በእጁ እያስተካከለ ይጨነቅበታል። ያ ጭንቀት ነው ሲዲቤ ስም ሳያይ ያወቀው።

ደንበኛን ማክበርና የራስን ዓይን መያዝ ጠብ የላቸውም። ዛሬ በምሠራበት ቤት ሙሽሮችን ከሰርጉ በፊት አስቀምጬ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ቆዳሽን እንዳለ ልተወው? እላለሁ። «ቀላ አድርጊኝ» የምትል አለች፤ አልዋሽም። እንደዚያ ስትለኝ በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አንድ ፎቶ አንስቼ በካሜራው ስክሪን አሳያታለሁ። አብዛኞቹ ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ «እንዲሁ ይሁን» ይሉኛል።

ለጸሐፊው በመጨረሻ አንድ ነገር ልንገራቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ገርጂ አንድ ዘመድ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ቡና እስኪፈላ የሰርግ አልበም ሰጡኝ። መካከል ላይ አንዲት አያት አሉ። ሙሽሮቹ አጠገባቸው የሉም። በር አጠገብ፣ ከደጅ በሚገባው ብርሃን፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ግማሽ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ እጃቸው ከፊታቸው እኩል ይታያል። ፍላሽ አልነካቸውም። እንዲህ ዓይነት ፎቶ ከዚህ በፊት በሁለት የተለያዩ ሰርጎች አልበም ላይ አይቻለሁ። የተለያዩ አያቶች፣ የተለያየ ቤት፣ ያው በር፣ ያው እጅ። ደንበኛ «አያቴን ብቻቸውን በር ላይ አንሳልኝ» ብሎ እንደማያዝ እኔም እሳቸውም እናውቃለን። ለዘመዴ የጸሐፊውን ስም ጠርቼ «እሳቸው ናቸው አይደል ያነሱት?» አልኳት።

«በምን አወቅሽ?» አለችኝ።